መኝታ ቤት ውስጥ ማሰርና መታሰር፦ ማሰሪያውን ስትመርጡ በአፈታቱ ምረጡት

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄ ጽሑፍ ከ18 ዓመት በላይ ለሆናችሁና ከፍቅረኛችሁ ወይ ከትዳር አጋራችሁ ጋር ሁለታችሁም ፈልጋችሁ ማሰርና መታሰርን መሞከር ለምታስቡ ሰዎች ነው። ብዙ ሰው ያስበዋል፣ ብዙ ሰውም ያደርገዋል፣ ግን በአማርኛ በግልጽ ብዙም ስለማይወራ ሰዉ አንድ ቪዲዮ ያይና ቁምሳጥን ውስጥ ያገኘውን ከረባት ወይ ቀበቶ አንስቶ ይጀምራል። ቪዲዮው ላይ ደሞ ከመታሰሩ በፊት የተወራው ወሬ አይታይም፣ ከካሜራው ጀርባ መቀስ ይዞ የቆመው ሰው አይታይም፣ በየመሀሉ ቆም ተብሎ እጅ ሲፈተሽ የነበረው ሁሉ ተቆርጦ ወጥቷል።

ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይሄን ነው፦ ማሰሪያ የሚመረጠው በአፈታቱ ነው። ያምራል ወይ፣ ጠንካራ ነው ወይ ከማለታችሁ በፊት የታሰረው ሰው "ፍቱኝ" ካለበት ሰከንድ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ነጻ እስኪሆን ምን ያህል ይፈጃል ብላችሁ ጠይቁ። ለጀማሪ ግማሽ ደቂቃ ራሱ ብዙ ነው። ደሞ መብራት በርቶ፣ ተረጋግታችሁ፣ እጃችሁ ሳይንቀጠቀጥ የምትፈቱትን ብቻ አትቁጠሩ፣ መብራት በድንገት ቢጠፋና የታሰረችው ሴት ብትደነግጥ በጨለማ በዳሰሳ ትፈቱታላችሁ ወይ? ይሄን ጥያቄ የማያልፍ ዕቃ ቤት አታስገቡ።

መጀመሪያ ወሬው

ንግግሩ አልጋ ላይ አይጀመርም። ልብስ ለብሳችሁ፣ ቀን ላይ፣ ቡና እየጠጣችሁ ወይ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ብታወሩት ይሻላል፣ ምክንያቱም አልጋ ላይ ተጀምሮ የሚጠየቅ ነገር ላይ እምቢ ማለት ለብዙ ሰው ከባድ ነው። የኛ ሰው ላይ ደሞ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። የወደደውን ሰው ላለማስከፋት እሺ ይላል፣ እጁ እየደነዘዘ "ምንም አልሆንኩም" ይላል፣ ጨዋታውን ላለማበላሸት ዝም ይላል። እኔ ከገመዱ የበለጠ የምፈራው ይሄን ነው። ስለዚ አሳሪው ሰው ማለት ያለበትን ቀድሞ ይበል፦ "በየትኛውም ሰከንድ ብታስቆሚኝ አልከፋም፣ እንደውም ካላስቆምሽኝ ነው የሚከፋኝ።" ይሄን በአፍ መናገር ያስፈልጋል፣ ታውቀዋለች ተብሎ አይታለፍም።

ምን ምን ትነጋገራላችሁ? የት ቦታ እንደሚታሰር፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ታስሮ እያለ ምን እንደሚደረግና ምን እንደማይደረግ። ለመታሰር እሺ ያለ ሰው ለሌላው ነገር ሁሉ እሺ አላለም፣ እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ይጠየቃል። ታስሮ እያለ አዲስ ነገር መጠየቅም ጥሩ አይደለም፣ አዲስ ሀሳብ ከመጣ ለሌላ ቀን ይቆይ። ፎቶና ቪዲዮ ለብቻው ይወራ፣ እጁ የታሰረ ሰው ስልኩን መንጠቅ አይችልም፣ እና አንድ ጊዜ የተነሳ ነገር ቴሌግራም ላይ ከወጣ በኋላ ማንም መልሶ አይሰበስበውም። እኔ ብሆን መጀመሪያ ላይ ስልኮች ካሜራቸው ወደ ታች ሆኖ ይቀመጡ ነው የምለው፣ ለባትሪ ብርሃንና ለድንገተኛ ጥሪ ብቻ በቅርብ ይኑሩ።

ስለ ጤናም በግልጽ አውሩ። ከዚ በፊት ትከሻው ወልቆ የሚያውቅ ሰው እጁ ወደ ኋላ ወይ ወደ ላይ መታሰር የለበትም። ስኳር ያለበትና እጅ እግሩ ላይ ስሜት የቀነሰበት ሰው ሲጎዳ ላይሰማው ይችላል። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቀላሉ ይበልዛል። አስም ያለባት ሴት ኢንሄለሯ ከአልጋው አጠገብ ይሁን። የሚጥል በሽታ፣ እርግዝና፣ የእጅ አንጓ ላይ የቆየ የነርቭ ህመም፣ እነዚህ ሁሉ ሀኪም ሳያማክሩ መታሰር ውስጥ የሚገባባቸው አይደሉም።

አንድ ነገር ደሞ በጣም በጥንቃቄ። በሀገራችን ተጠልፋ የተዳረች፣ በልጅነቱ ታስሮ የተገረፈ፣ እስር ቤት የቆየ ሰው ብዙ ነው። ለእንደዚህ አይነት ሰው እጅ መታሰር ጨዋታ ላይሆን ይችላል፣ ራሱ ባላሰበው ሰዓት ሰውነቱ ያስታውሰዋል። ስለዚ "ለምን አትፈልጊም" ተብሎ ምክንያት አይጠየቅም፣ አልፈልግም ካለች አልቋል። ፈልጋ ጀምራም በመሀል ድንገት ዝም ካለች፣ ዓይኗ ከፈዘዘ፣ መተንፈሷ ከተቀየረ ቃል ሳትጠብቁ ፍቷት።

የማስቆሚያ ቃል ምረጡ። "ተው"፣ "አይ"፣ "እረ በቃ" የሚሉት ቃላት በጨዋታ መሀል በሳቅም ይወጣሉ፣ ስለዚ ሌላ የማያሻማ ነገር ያስፈልጋል። ቀላሉ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው፣ ማንም አይረሳውም። አረንጓዴ ቀጥል፣ ቢጫ ቀስ በል ወይ የሆነ ነገር አስተካክል፣ ቀይ ሁሉም ነገር ይቁምና ፍታኝ። ይሄ ማለት ግን "ቀይ" እስኪባል ሌላው ሁሉ ችላ ይባላል ማለት አይደለም፣ ከልቧ "ተው" ስትል ለይታችሁ ካላወቃችሁ ቆም ብላችሁ ጠይቁ። አፍ መናገር በማይችልበት ጊዜ ደሞ እጅ ላይ የቁልፍ መያዣ ወይ ትንሽ ኳስ ይሰጣል፣ ከጣለው ማለት ቀይ ነው። ለጀማሪ ግን አፍ ማሰር የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ ተዉት፣ የታሰረ ሰው ያለው አንድ መከላከያ ድምፁ ነው፣ ካስመለሰው ደሞ ይታፈናል።

ዕቃው

ለመጀመሪያ ጊዜ ግዙ ብባል የምመክረው ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ፣ በቬልክሮ የሚዘጋ የእጅ ማሰሪያ ነው፣ ያ የልጆች ጫማ ላይ ያለው ጭርር ብሎ የሚላቀቀው ነገር። ስፋቱ አምስት ሴንቲሜትር አካባቢ ቢሆን ጫናውን ያከፋፍለዋል፣ ቀጭን ነገር ሁሉንም ክብደት አንድ መስመር ላይ ነው የሚጥለው። ቬልክሮ በአንድ ጉተታ ይፈታል፣ ብዙ ጊዜ የታሰረው ሰው ራሱ በጣቱ ሊፈታው ይችላል፣ እና ይሄ ለጀማሪ ጉድለት ሳይሆን ትልቁ ጥቅሙ ነው። በጣም ጠንክሮ ከታገለም ይላቀቃል። አንዳንዱ ከፍራሽ ስር የሚያልፍ ቀበቶ ይዞ ስለሚመጣ አልጋው መደገፊያ ባይኖረውም ይሆናል።

ቀጥሎ የቆዳ ማሰሪያ ነው፣ ዘለበት ያለው። ይበረክታል፣ ምቹ ነው፣ ግን ዘለበት ለመፍታት ቀዳዳው ውስጥ የገባችውን ጥርስ ለማውጣት መጀመሪያ ጠበቅ አድርጎ መሳብ ይጠይቃል፣ ሰውየው ክብደቱን ጥሎበት ከሆነ ደሞ ይከብዳል። ስለዚ ማሰሪያውን ከአልጋው ጋር የሚያገናኘው ነገር በአንድ እጅ የሚከፈት መንጠቆ ይሁን። መጀመሪያ መንጠቆው ይለቀቃል፣ ዘለበቱ ተረጋግቶ በኋላ ይፈታል። ስትገዙ ስፌቱን እዩት፣ ጠርዙን በጣታችሁ ሂዱበት፣ የሚቆርጥ ጠርዝ ካለው ተዉት።

ካቴና ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነው፣ እኔ ግን ለጀማሪ አልወደውም። ብረት ቀጭን ነው፣ አይለጠጥም፣ የእጅ አንጓ ላይ አውራ ጣት በኩል ከአጥንቱ በላይ ልክ ከቆዳው ስር የሚያልፍ ነርቭ አለ፣ ካቴና በቀጥታ እሱን ነው የሚጫነው። ሐኪሞች በፖሊስ ካቴና ታስረው የአውራ ጣታቸው ጀርባ ለሳምንታት የደነዘዘባቸውን ሰዎች ያያሉ። ርካሹ የመጫወቻ ካቴና ደሞ ድርብ መቆለፊያ የለውም፣ ማለትም ሰውየው ሲንቀሳቀስ ራሱ እየጠበቀ ይሄዳል። በፀጉር በተሸፈነ ጨርቅ መጠቅለሉ ይሄን አይቀይረውም። የግድ ካቴና ካላችሁ ድርብ መቆለፊያ ያለው ይሁን፣ ቁልፉ ሁለት ይሁን፣ ሁለቱንም ሞክሩ፣ አንዱ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ይንጠልጠል፣ እና ማንም እጁን ጎትቶ አይታገልበት።

ቤት ውስጥ ያለው ነገርስ? ቀበቶ ጠንካራና ጠርዛም ነው፣ አይሆንም። ከረባትና የሐር ሻሽ ሲያዩት ለስላሳ ነው፣ ግን ሲጎተት ቋጠሮው እየጠበቀ ይሄድና በጥፍር ራሱ አይፈታም፣ መቁረጥ ብቻ ነው መፍትሄው። ነጠላ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ዓይን ለመሸፈን ወይ እጅ ላይ እንዲሁ ሳይቋጠር ለመጠቅለል ያምራል፣ ለማሰር ግን ጥሩ ነጠላ መቀስ የሚገባበት ነገር አይደለም፣ ስለዚ ስትፈሩ ትዘገያላችሁ። ልብስ ማስጫ የላስቲክ ገመድ ቆዳ ይቆርጣል፣ የቃጫ ገመድ ይልጣል። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚታሰርበት የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ያ አንዴ ከጠበቀ የማይመለሰው፣ በጭራሽ። ተራ ፕላስተርም ፀጉርና ቆዳ ይዞ ይነሳል፣ እርስ በርሱ ብቻ የሚጣበቅ፣ ቆዳ ላይ የማይጣበቅ ለዚሁ የተሠራ ቴፕ አለ፣ እሱ ይሻላል፣ ሲጠቀለል ግን ሳይለጠጥ ይሁን።

ገመድ ከመረጣችሁ የጥጥ ገመድ፣ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ለእጅ ብቻ ከሆነ ሦስት ወይ አራት ሜትር ይበቃል። ናይለን ለስላሳ ነው ግን ቋጠሮ ይንሸራተትበታል፣ በፍጥነት ከተጎተተ ያቃጥላል፣ ሻማ ከነካው ይቀልጣል። ጁትና ሄምፕ የሚባሉት ከተክል ክር የሚሠሩ ገመዶች የጃፓኑን አስተሳሰር የሚማሩ ሰዎች የሚወዱት ነው፣ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ከሁሉም በፊት ግን መቀሱን ግዙ። የሕክምና ዕቃ መሸጫ ሱቅ ፋሻ መቁረጫ መቀስ ስጡኝ በሉ፣ አምቡላንስ ላይ ልብስ የሚቆርጡበት፣ አንገቱ ጎበጥ ያለ፣ የታችኛው ጫፉ ደንዳና የሆነ። ቆዳና ገመድ መሀል ገብቶ ሳይወጋ ይቆርጣል። ቢላ ለዚህ አይሆንም። ገመዱን አንድ ጊዜ ቆርጣችሁ ሞክሩት፣ ከዛ ሁሌ አንድ ቦታ፣ በዳሰሳ የሚገኝበት ይቀመጥ።

የማይነካ ቦታ

አንገት። በምንም ምክንያት፣ በላላ ነገርም ቢሆን፣ አንገት ላይ ገመድ ወይ ማሰሪያ አይዞርም፣ ከአንገትም ወደ ሌላ ነገር አይታሰርም። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ተቋርጦ ሰው ራሱን ይስታል፣ ቀድሞ ምልክት የሚሰጥበት ጊዜ የለም። እዚህ ላይ የምደራደረው ነገር የለም።

ብብትና የላይኛው ክንድ። እጅን ከአንጓው ቀና የሚያደርገውና ጣቶችን የሚዘረጋው ትልቁ ነርቭ የላይኛውን ክንድ አጥንት ከኋላ ዞሮ ወደ ውጭ ጎን ይወጣል፣ እዛ ላይ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ስለሚያልፍ ገመድ በቀላሉ ይጫነዋል። ሰክሮ ክንዱን ወንበር መደገፊያ ላይ ጥሎ ያደረ ሰው ጠዋት እጁን ከአንጓው ቀና ማድረግ ሲያቅተው የሚጎዳው ይሄው ነርቭ ነው። ክርን ውስጡ ላይ ሲመታ የሚነዝረው ቦታ ደሞ ሌላ ነርቭ ነው፣ እሱም ላይ አይታሰርም። እግር ላይ ከጉልበት በታች ውጭ በኩል ያለችውን ጉጥ አጥንት ዳስሷት፣ እሷን የሚዞረው ነርቭ ከተጎዳ እግር ሲራመድ ጣቱ ይጎተታል። መገጣጠሚያ ላይ በቀጥታ ማሰር በአጠቃላይ መጥፎ ነው፣ ከእጅ አንጓው መታጠፊያ ትንሽ ወደ ክርን ከፍ ብሎ ክንዱ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ እግሩ ላይ ይሁን።

አስተሳሰሩ

ገመዱን ለሁለት እጠፉት፣ መሀሉ ላይ ቀለበት ይወጣል። ክንዱ ላይ ሁለት ወይ ሦስት ዙር ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡት፣ አንዱ ባንዱ ላይ አይውጣ። ከዛ በቀለበቱ በኩል ያለውን ጫፍ ከዙሮቹ በላይ አሻግሩና ከሁሉም ዙሮች ስር፣ ከቆዳው አጠገብ አሳልፋችሁ አውጡት፣ ከሌላው ጫፍ ጋር ቋጥሩት፣ አንዴ ቀኝ በግራ ላይ አንዴ ግራ በቀኝ ላይ። ሁለቴ ባንድ አቅጣጫ ከቋጠራችሁት ይጠማዘዝና ይንሸራተታል። ሁሉንም ዙሮች አቅፎ ያለፈው ያ ጫፍ ነው ሲጎተት እንዳይጠብቅ የሚያደርገው። ሲጎተት የሚጠብቅ ሸምቀቆ ለከብትም ለሰውም አደገኛ ነው፣ ስለዚ ከቋጠራችሁ በኋላ ረጅሙን ጫፍ ያዙና ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት፣ ዙሮቹ ከጠበቁ ፍቱትና እንደገና ሥሩ።

ይሄን መጀመሪያ የራሳችሁ ጭን ላይ ቴሌቪዥን እያያችሁ ተለማመዱት። ሰው ላይ ከመድረሳችሁ በፊት እጃችሁ ሳያስብ እስኪሠራው፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁም እስክትፈቱት።

የጥብቀቱ ልክ ሁለት ጣት ነው፣ በማሰሪያውና በቆዳው መሀል ሁለት ጣት ያለ ትግል መግባት አለበት። ከገባ በኋላ እጁን እንዲያዞርና እንዲጨብጥ አድርጉት፣ ጡንቻ ሲወጠር ይወፍራል።

የምታስሩበት ነገር ምንድነው የሚለውንም እዩት። ቁምሳጥን ይወድቃል። የመጋረጃ ዘንግ ይነቀላል። የአልጋ መደገፊያው ቢነቃነቅ ወይ ሹል ብረት ካለው የአልጋውን እግር ወይ ከፍራሹ ስር የሚያልፈውን ቀበቶ ተጠቀሙ። በር ላይ የሚንጠለጠል ማሰሪያ ካላችሁ ሰውየው ሲስብ በሩ የሚዘጋበት ጎን ላይ ይሁን፣ የሚከፈትበት ጎን ከሆነ በሩ ተከፍቶ በጀርባው ይወድቃል፣ ቁልፉም ይቆለፍ። በነገራችን ላይ ቁልፍ ለሌላም ነገር ነው፣ ልጅ፣ እናት፣ የቤት ሠራተኛ ያለበት ቤት ውስጥ በሩ ሳይቆለፍ የሚጀመር ነገር የለም፣ የሰው ዳና ሲሰማ የሚመጣው ድንጋጤ ራሱ ሰው ያስጎዳል።

አቀማመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ በጀርባ ተኝቶ፣ እጆቹ ከፊት ደረቱ ላይ ወይ በጎን ተዘርግተው ይሁኑ። ከፊት ሲታሰር ትከሻ አይጨነቅም፣ ሰውየው ፊቱን መንካት ይችላል፣ ቢወድቅ እጁን ያስቀድማል። ከራስ በላይ የተዘረጋ እጅ ቶሎ ይደነዝዛል፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ። ቆሞ መታሰር ለጀማሪ አይሆንም፣ ቆሞ የሚቆይ ሰው ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ ሊዝለፈለፍ ይችላል፣ ከተዝለፈለፈ ሙሉ ክብደቱ እጁ ላይ ይንጠለጠላል። እጁ ወደ ኋላ ታስሮ በሆዱ የተኛ ሰው፣ በተለይ ደሞ ጀርባው ላይ ሌላ ሰው ካለበት፣ ደረቱ አየር ለመሳብ መንፋት ያቅተዋል፣ ፖሊስ እጅ ላይ ሰዎች እንደዚህ ሆነው ሞተዋል። ማንጠልጠል የሚባለውን ከጽሑፍ አትማሩት፣ ከእኔም ጽሑፍ ጭምር፣ ሰው ፊት ለፊት የሚያስተምረው ነገር ነው።

ታስሮ እያለ

አሳሪው ከክፍሉ አይወጣም። ውሃ ላምጣ፣ በር ተንኳኳ፣ ስልክ ተደወለ፣ የለም፣ መጀመሪያ ይፈታል ከዛ ይወጣል። ታስሮ ሁለቱም ከተኙ ደሞ በጣም አደገኛ ነው፣ እንቅልፍ ከመጣ ፍቱ።

ቢራም ጠጅም አረቄም ከጨዋታው በኋላ ይሁን። አልኮል ህመሙን ይሸፍነዋል፣ ህመሙ ደሞ መልእክተኛችሁ ነው፣ የጠጣ አሳሪም ቋጠሮ መፍታት ይሳነዋል። ጫት ምርቃና ላይ ያለ ሰው ጊዜው እንዴት እንደሄደ አያውቅም፣ ልቡም በፍጥነት እየመታ ነው። ደሞ የጠጣ ሰው እሺ ያለው እሺ አይቆጠርም።

ለመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ከአሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አትለፉ፣ ከዛ ፍቱና እረፉ። በየሁለት ሦስት ደቂቃው እጁን ንኩት። "ደህና ነህ?" ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው ግን ለዛ ጥያቄ ሁሌ የሚመጣው መልስ "ደህና" ነው፣ ስለዚ አሠሩት፦ ጣቴን ጭመቅ በሉት፣ አውራ ጣትህን ቀና አድርግ፣ እጅህን ከአንጓው ወደ ላይ አንሳ፣ ጣቶችህን ዘርጋ። ከነዚህ አንዱን ማድረግ ካቃተው ወይ ከቅድሙ ከደከመ ወዲያው ፍቱ። ጥፍሩን ተጫኑና ልቀቁት፣ ቀለሙ በሁለት ሰከንድ አካባቢ ካልተመለሰ ደሙ በደንብ እየሄደ አይደለም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚቀላቅለው ነገር አለ። የደም ዝውውር ሲቀንስ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፣ ሙሉ እጁ ይቀዘቅዛል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ሁሉም ጣት መርፌ መርፌ ይላል፣ ሲፈታ ቶሎ ይመለሳል። ነርቭ ሲጫን ግን በድንገት ሊመጣ ይችላል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ የተወሰኑ ጣቶች ብቻ ይደነዝዛሉ፣ ለምሳሌ ትንሿ ጣትና አጠገቧ ያለችው፣ ወይ የአውራ ጣት ጀርባ፣ ቀለምና ሙቀቱ ግን ደህና ሊመስል ይችላል። "እጁ ሞቃት ነው፣ ስለዚ ደህና ነው" የሚለው ግምት ብዙ ሰው ያሳስታል። አንዳንዴም ምንም ሳያም እጁ ዝም ብሎ ይደክማል። የነርቭ ምልክት ሲመጣ ማስተካከል፣ ማላላት፣ ትንሽ እንጠብቅ የሚባል ነገር የለም፣ ይፈታል፣ ለዛን ቀን ያ እጅ አይታሰርም።

ሲፈታ

በድንገተኛ ካልሆነ ቀስ ይባላል። ከላይ የነበረ እጅ በአንዴ አይወርድም፣ ትከሻው ተይዞ በዝግታ ይመለሳል። የታሰረው ሰው ከተነሳ ሊያዞረው ስለሚችል መጀመሪያ ይቀመጥ። ውሃ ስጡት፣ ጋቢ አልብሱት፣ እቀፉት ወይ ብቻዬን ልሁን ካለም ተዉት፣ ሰው ይለያያል። አንዳንዱ በማግስቱ ወይ ከሁለት ቀን በኋላ ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰዋል፣ አሳሪውም ጭምር፣ ስለዚ በማግስቱ ደውሉና ጠይቁ፣ የወደዳችሁትንም ያልወደዳችሁትንም ያኔ አውሩ።

ቆዳ ላይ የቀረ ቀይ ምልክት ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ድንዛዜው ከተፈታ በኋላ የማይለቅ ከሆነ፣ በተለይ ደሞ እጅ ከአንጓው ቀና ማለት ካቃተው ወይ እግር ከተንጠለጠለ በዛው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩት፣ "ወደቅኩ" ብትሉት ሌላ ነገር ሲፈልግ ይውላል፣ "ክንዴ እዚህ ጋ ይሄን ያህል ደቂቃ ታስሮ ነበር" ብትሉት ወዲያው የት እንደሚያይ ያውቃል። በጫና የተጎዳ ነርቭ ብዙ ጊዜ ይድናል፣ ግን ሳምንታት ወይ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ በዛ መሀል እጁን የሚደግፍ ነገርና ፊዚዮቴራፒ ሊያስፈልግ ይችላል። አየር ካጠረው፣ ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ካመመው ደሞ ሀፍረት ወደ ጎን ይቀመጥና አምቡላንስ ይጠራ።

ውጭ ላላችሁ ትንሽ ነገር

ኤምሬትስ የወሲብ መጫወቻ ዕቃ ማስገባት የተከለከለ ነው፣ በባሕረ ሰላጤው ሌሎች አገሮችም ጉምሩክ ላይ መያዝ ከመወረስ በላይ ችግር ሊያመጣ ይችላል፣ ስለዚ ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ፣ በፖስታም አታስመጡ። እንግሊዝ ያላችሁ ደሞ ይሄን እወቁ፣ እዛ ሀገር እ.ኤ.አ. ከ1993ቱ የጌቶች ምክር ቤት (ያኔ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የነበረው) ውሳኔ ጀምሮ፣ በ2021 በወጣው የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግም እንደገና እንደተጻፈው፣ ለወሲብ እርካታ ተብሎ ከቀላልና ቶሎ ከሚያልፍ በላይ የሆነ የአካል ጉዳት ከደረሰ "ፈቅዶ ነው" ማለት ከክስ አያድንም።

በአፕ የተዋወቃችሁትን ሰው በመጀመሪያው ቀን እጃችሁን አትስጡት። መጀመሪያ ካፌ፣ ደጋግሞ፣ ትንንሽ እምቢታችሁን እንዴት እንደሚቀበል እያያችሁ፣ ለምሳሌ "ዛሬ አላመሽም" ስትሉት። ከሄዳችሁም አንድ የምታምኑት ሰው የት እንዳላችሁ ይወቅ፣ የምትደውሉበት ሰዓት ይቀመጥ። "እኔ የማስቆሚያ ቃል አልጠቀምም" የሚል ሰው ጋ ሁለተኛ ቀጠሮ አያስፈልግም።

ዕቃውን ስለ መያዝ

የጥጥ ገመድ ትራስ ልብስ ውስጥ ከታችሁ አፉን ቋጥራችሁ በማሽን ይታጠባል፣ ጥላ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። ጁት በማሽን አይታጠብም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግና አየር ያገኛል። ቆዳ ውሃ ውስጥ አይነከርም፣ በትንሽ ሳሙና በረጠበ ጨርቅ ተጠርጎ ሳይታጠፍ ይቀመጥ። ደም የነካው ገመድ ይጣላል። በየጊዜው ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታችሁ መሀል አሳልፉት፣ የሳሳ፣ የተቆረጠ ወይ ወፍራምና ቀጭን የሆነ ቦታ ካገኛችሁ እዛ ጋ ቆርጣችሁ ለሌላ ነገር ተጠቀሙበት። ቬልክሮው ውስጥ የሚጠራቀመውን ፀጉርና ክር በድሮ የጥርስ ብሩሽ አራግፉት፣ ካልሆነ መያዙን ይቀንሳል። ሁሉንም ዚፕ ባለው ቦርሳ ከልጆች እጅ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ መቀሱን ግን ቦርሳው ውስጥ አትክተቱት፣ እሱ ሁሌ አልጋው አጠገብ ያው ቦታው ላይ ይሁን።